ድሩ የእመቤት፣ ማጉ የገረድ

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ዕለት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የአያቴ ቤት በር ሲከፈት ነው። የከፈተችልኝ እቴቴ ነበረች። የለበሰችው ደግሞ የእኔን ሹራብ ነበር።

የእኔን ስል የምለብሰውን ማለቴ አይደለም። ዓለም ከተማ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ለአያቴ ብዬ የገዛሁት፣ ቡናማ፣ አንገቱ የሚታጠፍ፣ ወፍራም ሹራብ ነው። ሱቅ ውስጥ ጉንጬ ላይ እያስነካሁ ነበር የመረጥኩት። «የመንዝን ብርድ ይችላል?» እያልኩ ባለሱቁን አሰልችቼዋለሁ። አሁን እቴቴ እጅጌውን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ ደረቱን ዱቄት በዱቄት አድርጋው፣ «መጣሽልን? እሰይ፣ የኔ እናት» እያለች አገላብጣ ትስመኛለች። እኔም ሳምኳት። ዓይኔ ግን ከሹራቡ ላይ አልተነሣም።

«እምዬስ?» አልኳት።

«ከጓሮ ፀሐይ እየሞቁ ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ መንገድ መንገዱን ሲያዩ ነው የዋሉት። ‹አውቶብሱ ተሰብሮ ይሆን?› ሲሉኝ፣ ‹አውቶብሱስ መቼ ጤና ሆኖ ያውቃል› አልኳቸው።»

አያቴ ከጓሮ ሆነው ሰምተው ሳቁ። ገና ሳያዩኝ፣ ገና ሰላም ሳልላቸው፣ በእሷ ቀልድ ሳቁ።

እቴቴ የአያቴ ገረድ ናት። ቃሉ ዛሬ ያሳፍራል፤ እኔም ተማሪዎቼን «የቤት ሠራተኛ በሉ» እያልኩ አርማለሁ። ግን ሠራተኛ ይቀጠራል፣ ሲከፋውም ይለቃል። እቴቴ አልተቀጠረችም። አያቴ በአሥራ አራት ዓመታቸው ሲዳሩ ከአባታቸው ቤት አብራቸው ተላከች። የቤተሰባችን ሽማግሎች ከሙሽራዋ ጋር የሄደውን ሲዘረዝሩ፣ «ሁለት ላም፣ አንዲት በቅሎ፣ አራት ባና፣ አንዲት ልጅ» ይላሉ። ልጅቷ ሁልጊዜ ከባናው፣ ከሱፍ ብርድ ልብሱ እንኳ በኋላ ናት የምትመጣው። ያኔ ስምንት ዓመት አልሞላትም ነበር።

አሁን አያቴ ሰማንያን አልፈዋል፤ እሷም ሰባ አምስት ሳይሆናት አይቀርም። አያቴ ግን እስከ ዛሬ «አንቺ ልጅ» እያሉ ነው የሚጠሯት። እሷ «እትዬ» ትላቸዋለች። እኔ አሁን ስጽፍ እንኳ አያቴን «እሳቸው»፣ እሷን «እሷ» እላለሁ። ትክክል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ያደግኩበት ቤት አፌን የፈታው ግን እንደዚህ ነው።

ያደግኩትም እዚያው ነው፤ ከዘመሮ አንድ ሰዓት በእግር ከሚያስኬደው መንደር። እናቴ ሥራ ፍለጋ ርቃ ስለነበር እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሳደጉኝ አያቴ ናቸው። ለሰው ስናገር ሁልጊዜ «አያቴ ናቸው ያሳደጉኝ» እላለሁ። የሚያጎርሰኝ እጅ አብዛኛውን ጊዜ የእቴቴ እጅ እንደነበር ግን አልናገርም።

ወደ ጓሮ ዞሬ የአያቴን ጉልበት ሳምኩ። በአጥሩ ጥግ፣ ነፋስ በማያገኘው ቦታ ተቀምጠው እንዝርት ያሾራሉ። ጣቶቻቸው መገጣጠሚያው ላይ አብጠው ቀይ ሆነዋል። እጃቸውን አየሁ፤ ክሩን ግን አላየሁም።

«ከሳሽ» አሉኝ።

«አልከሳሁም፣ እምዬ።»

«ከስተሻል። አንቺ ልጅ፣ አልከሳችም?»

እቴቴ ከቤት ውስጥ፣ «አንገቷ ቀጥኗል» አለች።

«ይኸው» አሉኝ አያቴ፣ ዳኛ የፈረደልኝ ይመስል። ከዚያ ስለ መንገዱ፣ ስለ ተማሪዎቼ፣ ስለ ቆላው ትኩሳት ጠየቁኝ። ሁሉንም መለስኩ። በመጨረሻ ግን አላስቻለኝም።

«ሹራቡ አልሆነዎትም እንዴ፣ እምዬ?»

«የቱ?»

«እቴቴ የለበሰችው።»

«እሱማ እሳት ነው። እሷ በጨለማ ትነሣለች፤ እኔ ፀሐይ እስክትወጣ ከባናዬ አልወጣም። ሹራብ የሚለብሰው ማልዶ የሚነሣ ነው።» እንዝርታቸውን መልሰው አሾሩት። ለእሳቸው ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

የመጣሁት አያቴን ልወስዳቸው ነበር። ዓለም ከተማ የተከራየሁት ቤት ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱን ለእሳቸው አዘጋጅቼዋለሁ። ከመንዝ ይሞቃል። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ አልጋው ድረስ ትገባለች። ቤተ ክርስቲያን ቅርብ ነው፣ ጤና ጣቢያም አለ። ይህን ሁሉ በስልክ ነግሬያቸዋለሁ። አሁንም ደገምኩላቸው።

«ስንት አልጋ ይይዛል ነበር ያልሽኝ?» አሉ። በስልክም ሁለት ጊዜ ጠይቀውኛል።

«አንድ» አልኩ።

«እህ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ድሩን ሸማኔው ዛሬ መጥቶ ያየዋል። ድሩን ሳላስረክብ ወዴትም አልሄድም። ከዚያ እንነጋገራለን» አሉኝ።

ክፍሉ ሁለት አልጋ ይይዛል። በክንዴ ለክቼዋለሁ። በሁለቱ አልጋ መካከልም ሰው የሚያሳልፍ ቦታ ይተርፋል። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ አያቴ አንድ ጊዜ እንኳ «አንቺ ልጅ» ሲሉ ተነሥቶ የሚሄድላቸው ሰው እኔ እንድሆን።

ይህ ቅናት የዚያን ቀን የመጣ አይደለም። ሁለቱ ሴቶች ዓረፍተ ነገር አይጨርሱም። አያቴ «ያንን…» ሲሉ እቴቴ «አስቀምጬዋለሁ» ትላለች። «እነዚያስ…» ሲሉ «ሐሙስ» ትላለች። እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ተምሬ፣ ሰው አፍ ላይ ያለውን ቃል እንኳ ሳልሰማው አልመልስም። ልጅ ሳለሁ በመካከላቸው ተቀምጬ፣ ያልተነገረው ግማሽ ምን ይሆን እያልኩ አንዴ አንዷን አንዴ ሌላዋን አይ ነበር። ስጠይቅ «ምንም» ይሉኛል።

ክፉም አልጠፋም በመካከላቸው። ከእቴቴ ግራ ቅንድብ በላይ ጠባሳ አለ። በልጅነቷ ማሰሮ ሰብራ አያቴ ባገኙት ነገር የመቷት ነው፤ ይህን የነገሩኝ ጎረቤቶች ናቸው። እሷን ስጠይቃት «ልጅነት ነው» አለችኝ። የማን ልጅነት እንደሆነ አልነገረችኝም፤ ሁለቱም ልጆች ነበሩና። እቴቴ ቤተሰቡ በልቶ ሳይነሣ አትበላም ነበር። የምትተኛው ከአያቴ አልጋ ግርጌ፣ አጎዛ ላይ ነው፤ በማታ ቢጠሯት ቶሎ እንድትሰማ።

ሥርዓቱ ተለውጦ ገረድና ጌታ ቀርቷል ተብሎ በታወጀ ጊዜ እቴቴ አጎዛዋን ጠቅልላ ሄደች። ዓለም ከተማ ገብታ፣ ሰው ቤት ጠላ እየጠመቀች ሁለት ዓመት ኖረች። በሁለተኛው ዓመት አያቴ በቅሎ አስጭነው በመንዝና በዓለም ከተማ መካከል ያለውን ገደል ወርደው ወጥተው፣ ሄደው ይዘዋት ተመለሱ። እዚያ ምን ተባባሉ? ማን ማንን ለመነ? አያቴን ስጠይቃቸው፣ «መንገዱ ክፉ ነበር» ይላሉ። እቴቴ ደግሞ፣ «በቅሎዋ አንክሳ ነበር» ትላለች። ከዚህ ሌላ ከሁለቱም አፍ አልወጣም። እኔ የምኖርበት ከተማ ውስጥ የሆነ ነገር ነው፤ የትኛው ደጃፍ ላይ ቆመው እንደተነጋገሩ እንኳ አላውቅም።

ቤታችን ውስጥ የቆየ አንድ ሕግ አለ። የጥቁር በግ ፀጉር የእመቤቲቱ ነው፤ የዳለቻው፣ የግራጫው፣ የገረዷ። እመቤቲቱ ከጥቁሩ ድሩን ትፈትላለች፤ ቀጭን፣ ሸማኔው ቢወጥረው የማይበጠስ። ገረዷ ከዳለቻው ማጉን ትፈትላለች፤ ወፍራምና ለስላሳ። ባናው ተሠርቶ ሲመጣ ሰው የሚያደንቀው ድሩን ነው። የሚያሞቀው ማጉ ነው። ገረድ ጥቁር ፀጉር ይዛ ከተገኘች ሌባ ትባላለች። የአያቴ እናት ለገረዶቻቸው ፀጉር ሲሰጡ በአንድ ድንጋይ መዝነው፣ ፈትሉንም ሲቀበሉ በዚያው ድንጋይ ይመዝኑ ነበር አሉ። አያቴ ድንጋዩን ሲዳሩ ይዘውት መጥተዋል። እሳቸው ግን መመዘኑን ትተውታል። ድንጋዩ አሁን በሩ በነፋስ እንዳይዘጋ ማቆሚያ ሆኗል።

የዚያን ዕለት አሥር ሰዓት ገደማ እቴቴ ውኃ ልትቀዳ ወረደች። አያቴ ተቀምጠው እንዳሉ አሸለባቸው። እኔም ሥራ አማረኝ። እውነቱን ለመናገር እቴቴ ስትመለስ ሥራዋ ተሠርቶ እንድታገኘው ፈለግኩ። አጎዛዎቹን አውጥቼ ፀሐይ ላይ ላራግፍ ገባሁ። ከአልጋው ግርጌ ያለውን የእቴቴን አጎዛ ሳነሣው ከሥሩ አንድ ትልቅ ልቃቂት ተንከባለለ።

ጥቁር ነው።

አንሥቼ ያዝኩት። ከዚያም ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን በመጀመሪያ የተሰማኝ ድንጋጤም ኀዘንም አልነበረም፤ ደስታ ነበር። ስድሳ ዓመት ሙሉ እንከን ያልተገኘባት ሴት እንከን ተገኘባት። ያገኘሁትም እኔ ነኝ። ልቃቂቱን መልሼ ከነበረበት አስቀመጥኩት፤ አጎዛውንም ሳላራግፈው እንደነበረ ዘረጋሁት። ሸማኔው ይምጣ፣ ሰው ባለበት ይሁን ብዬ በልቤ አሰብኩ። ለራሴ የነገርኩት ግን «እምዬ ማወቅ አለባቸው» ብዬ ነው።

ሸማኔው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣ። አባቱ ለዚህ ቤት ሲሸምኑ ኖረው ሞያውን ለእሱ ትተዋል። ትምህርት ቤት ከእኔ ሁለት ክፍል ይቀድም ነበር። ሁላችንም ወደ ቤት ገብተናል፤ አያቴ አልጋቸው ጫፍ ላይ፣ እሱ መደቡ ላይ፣ እኔ በርጩማ ላይ። እቴቴ ጠላ ቀድታለት ቆማለች።

«መምህርት፣ ቆላው ተስማማሽ» አለኝ።

መሬት መሬት አየሁ።

«ዛሬም አትናገርም እንዴ?» አለ ወደ አያቴ ዞሮ። «ክፍል ውስጥ በምልክት ነው የምታስተምረው?»

«ለአንተ ነው የማትናገረው» አሉ አያቴ። «ይልቅ ድሩን እየው።»

እቴቴ የድሩን እንቅብ አምጥታ ፊቱ አስቀመጠች። አንዱን ልቃቂት አንሥቶ ክሩን ሳበው፣ በሁለት እጁ ወጠረው፣ ወደ ብርሃኑ አዙሮ አየው።

«እመይቴ፣ ይህ የሰማንያ ዓመት እጅ ነው የሚለኝ ሰው ካለ እጣላዋለሁ» አለ። «እናቴ በአርባ ዓመቷ እንዲህ አድርጋ አልፈተለችም።»

«እናትህ ሰነፍ ነበረች።»

«ነፍሷን ይማርና ነበረች።»

ሳቁ። እቴቴም ሳቀች፤ ግን አንገቷን ደፍታ ነው የሳቀችው፤ ይህን ልብ አልኩ። እፍረት መሰለኝ፤ የሌባ እፍረት።

ልቃቂቶቹን አንድ በአንድ አያቸውና፣ «አንድ ይጎድለኛል፣ እመይቴ። አንድ ትልቅ ልቃቂት ብቻ» አለ።

«እንዴት ይጎድላል?» አሉ አያቴ።

ያኔ ተናገርኩ።

«እምዬ፣ የጎደለው እዚሁ ቤት ነው ያለው። እቴቴ አጎዛ ሥር።»

ጮክ ብዬ አልተናገርኩም። በሕይወቴ ጮክ ብዬ የተናገርኩበትን ቀን አላስታውስም። ሸማኔው «ምን አለች?» ብሎ ሊጠይቅ ምንም አልቀረውም። ማንም ሳይነሣ እኔ ተነሣሁ፣ ሄጄ አጎዛውን ገለጥኩ፣ ልቃቂቱን አምጥቼ መደቡ ላይ ከእሱ ጎን አስቀመጥኩት። ስመለስ የእቴቴን ፊት አላየሁም። የለበሰችውን ሹራብ ነው ያየሁት።

ሸማኔው ጫፉን ፈልጎ ሳበ። ክሩ ተበጠሰ። ሌላ ጫፍ ፈልጎ ሳበ፤ አንድ ክንድ ሳይሄድ ቋጠሮ መጣ፣ ከቋጠሮው ቀጥሎ እንደገና ተበጠሰ። ልቃቂቱን በእጁ አገላብጦ አየው። ከዚያ አያቴን ቀና ብሎ አያቸው፤ ወዲያውም ዓይኑን መለሰ።

«ይህ የልጅ ፈትል ነው» አለ ቀለል አድርጎ። «ልጅ እያለማመዳችሁ ነው?»

ቤቱ ውስጥ ልጅ አልነበረም።

«የእኔ ነው» አለች እቴቴ። «ጥቁሩን ልሞክር ብዬ ከእትዬ ፀጉር ቆንጥሬ ነው። አየኸው፤ የእኔ እጅ ለድር አይሆንም።»

በዚያ ቤት ገረድ እንዲህ ስትል ሰረቅሁ ማለቷ ነው። ፊት ለፊቴ ቆማ፣ ሰው እየሰማ፣ ሰረቅሁ አለች። የፈለግኩትን አገኘሁ። ግን ክሩ ለምን እንደዚያ ሆነ? ለስድሳ ዓመት ማግ የፈተለች ሴት ቋጠሮ የሞላው ክር ትፈትላለች? ይህን ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው፤ ዘግይቼ።

አያቴ እጃቸውን ዘረጉ። ሸማኔው ልቃቂቱን ሰጣቸው። ባበጡት ጣቶቻቸው ዳበሱት፤ ሳያዩት ነው የዳበሱት።

«የእኔ ነው» አሉ።

«እትዬ…» አለች እቴቴ።

«የእኔ ነው አልኩ። የእሷ እንቅቡ ውስጥ ያለው ነው።»

ሸማኔው የቀረውን ጠላ በአንድ ጊዜ ጠጥቶ ተነሣ። «ድር ድር ነው፣ እመይቴ። ባናው ማን ፈተለኝ አይልም» አለ። «አንዷን ልቃቂት ሳምንት መጥቼ እወስዳለሁ።» እንቅቡን ተሸክሞ ወጣ። በበሩ ሲያልፍ ወደ እኔ አልዞረም፤ ቀልድም አልጣለብኝም። አያቴ ልቃቂቱን መልሰው መደቡ ላይ አኖሩት።

እቴቴ በጎቹን ልታስገባ ወጣች። በጎቹ ገና አልመጡም ነበር።

አያቴ ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጡኝም። ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው፣ «አምስት ዓመት ይሆነዋል» አሉ።

«ያውቁ ነበር?»

«ጣቴ ቢያብጥም የራሴን ክር አላጣውም፣ ልጄ። ቋጠሮ የሞላውን እንቅቡ ውስጥ አስቀምጬ እተኛለሁ፤ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ለስልሶ አገኘዋለሁ። መልአክ ነው የሚፈትልልኝ ልበል? ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ማድ ቤት ትወስደዋለች። ፈትታ፣ አባዝታ፣ እንደገና ትፈትለዋለች። ለዚያ ነው ሹራቡን የሰጠኋት። ማድ ቤቱ በማለዳ በረዶ ነው።»

ፊቴ ነደደ። «ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እሷ ዝም ስላለች።»

ከደጅ የእቴቴ ኮቴ ይሰማል፤ ያለ ሥራ ከአጥር አጥር ትሄዳለች።

«አየሽ» አሉ አያቴ፣ «በዚህ ቤት የሠራችውን ሁሉ የሠራችው አዝዣት ነው። ውኃውን፣ እንጨቱን፣ ልጆቼን፣ አንቺንም። ይህን ግን አላዘዝኳትም። ሳላዝዛት የሠራችልኝ ይህ ብቻ ነው። ብናገረው ትእዛዝ ይሆንብኛል ብዬ ዝም አልኩ።» ጣቶቻቸውን እርስ በርስ አሹ። «አሁን ተነገረ። አሁን እኔ ላመሰግናት ነው፤ እሷ ደግሞ ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነው። ሁለታችንም አናውቅበትም።»

እንዳሉት ሆነ። ራት ሲቀርብ እቴቴ የእጅ ውኃ ይዛ መጣች፤ ያፈሰሰችላቸው እንደ ሁልጊዜው ነው። አያቴ ታጥበው ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩዋትና፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አሏት።

የእቴቴ እጅ ከነማሰሮው ባለበት ቆመ።

«ምን አጠፋሁ፣ እትዬ?» አለች።

አያቴ እርጥብ እጃቸውን በልብሳቸው አደረቁ። እቴቴ ወጣች፤ ራቷን ይዛ እንደማትመለስ አወቅኩ። የዚያን ቀን ማድ ቤት አደረች። አጎዛዋ ከአልጋው ግርጌ ባዶውን ቀረ። እኔም የተመኘሁት ቦታ ይኸው ተለቀቀልኝ፤ አያቴ በማታ ቢጣሩ የምሰማ እኔ ብቻ ነበርኩ። አልተጣሩም።

በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት ስነሣ አያቴ ከእኔ ቀድመው ተነሥተዋል፤ ፀሐይ ገና አልወጣችም። ባናቸውን ተከናንበው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። በሩ ተከፍቶ ድንጋዩ ደግፎታል፤ ብርዱ እንደ ልቡ ይገባል። እቴቴ ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ዳለቻውን ፀጉር ታባዝታለች። ሹራቡን አልለበሰችም። ሹራቡ ተጣጥፎ መደቡ ላይ፣ ከጥቁሩ ልቃቂት ጎን ተቀምጧል። ዱቄቱም ተራግፏል።

«ደኅና አደራችሁ?» አልኩ።

ሁለቱም መለሱልኝ። አያቴ «ያንን…» አሉ። እቴቴ ቀና አለች፤ ጠበቀች። አያቴ ግን ሐሳቡን ትተው፣ «ያንን እንስራ አንሺልኝ» ብለው ጨረሱት። በሕይወቴ አያቴ ለእሷ የጀመሩትን ሲጨርሱ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እቴቴ ተነሥታ እንስራውን ከነበረበት ወደ ሌላ ጥግ አዛወረችው። ሁለቱም መደቡን አያዩም። ማንም ልቃቂቱን ሊነካው እንደማይችል ገባኝ። አያቴ ቢያነሡት ለእቴቴ መስጠት አለባቸው፤ ያ ትእዛዝ ነው። እቴቴ ብታነሣው ከእመቤቷ ፊት ጥቁር ፀጉር ማንሣቷ ነው።

በመጀመሪያ ሹራቡን አነሣሁ። እቴቴ ትከሻ ላይ ጣል አደረግኩት። ልትመልስልኝ እጇን አነሣች፤ «ማድ ቤቱ ይበርዳል፣ እቴቴ» አልኳት። እጇ ተመለሰ።

ከዚያ ወደ አያቴ ዞርኩ። «እምዬ፣ ክፍሉ ሁለት አልጋ ይይዛል» አልኩ።

«እህ» አሉ። ትናንት ካሉት ጋር አንድ ዓይነት ይሁን አይሁን መለየት አልቻልኩም።

ልቃቂቱን አነሣሁ። በሁለቱ መካከል አልፌ፣ ከአልጋው ግርጌ ተንበርክኬ፣ የእቴቴን አጎዛ ጫፍ ገልጬ ትናንት ካገኘሁበት ቦታ አስቀመጥኩት። አጎዛውን መልሼ አለበስኩት፤ እብጠቱ እንዳይታይ በእጄ አስተካከልኩት። ስነሣ አያቴ ወደ ጣሪያው ያያሉ፤ እቴቴ ዳለቻውን ፀጉር ታባዝታለች። ማንም ምንም አላየም።

«ውኃ ልቅዳ» አልኩ።

«ምንጩ ያንሸራትታል» አለች እቴቴ።

«ገና ጠዋት ነው፣ አትቸኩይ» አሉ አያቴ።

የውኃውን ጀሪካን ይዤ ወጣሁ። ከደጁ ዞር ብዬ ድንጋዩን በእግሬ ገፋሁት፤ በሩን ከኋላዬ ዘጋሁትና ወደ ምንጩ ወረድኩ።